ትዝታን ማረም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ስለ ድልድይ መሠረት፣ ስለ ጠጠር መንገድ ጥገናና ስለ ውሃ ግፊት ሲናገሩ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ ስለ ጨዋታ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ርእሱን የተቀበለው አዘጋጅ ኮሚቴው እንጂ የእኔ ድፍረት ብቻ እንዳይደለ በቅድሚያ ላስታውቅ እወዳለሁ፤ ከመካከላችን «ጨዋታማ የልጅ ነገር ነው፤ መሐንዲስን ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁና። ለዚህ ጥያቄ በክርክር አልመልስም። አንድ ጨዋታ ፈታትቼ አሳያችኋለሁ፤ ማሽን የሚታወቀው ሲፈታ ነው።

ጨዋታው «ቱ ዘ ሙን» ይባላል፤ በአማርኛ «ወደ ጨረቃ» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ካን ጋው የተባለ የቻይና ትውልድ ያለው ካናዳዊ ሲሆን፣ ፍሪበርድ ጌምስ በሚባለው ትንሽ ድርጅቱ ስም እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ለሕዝብ አቀረበው። ሐሳቡ የመጣለት አያቱ ለሕይወታቸው በሚያሠጋ ሕመም ላይ በነበሩበት ጊዜ እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። ድርሰቱን ጽፎ፣ አብዛኛውን ዜማ ራሱ ደርሶ ጨዋታውን ያዘጋጀው አር ፒ ጂ ሜከር በሚባል፣ የፕሮግራም ጽሕፈት ጠልቆ ያልተማረ ሰው እንኳ ሊሠራበት በሚችል ሶፍትዌር ነው። ሥዕሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበሩትን ጨዋታዎች የሚመስል፣ በትንንሽ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ስለዚህም ያረጀ ላፕቶፕ ያለ ችግር ያጫውተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህም በሞባይል ስልክ ይገኛል። ከጥቂት ቀልድ በቀር የሚገደል ጠላት፣ የሚሰበሰብ ነጥብ የለበትም። ሆኖም የታወቀው የጨዋታ ሐያሲ ጌምስፖት በዚያ ዓመት በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከተሠሩት ሁሉ አስቀድሞ በታሪኩ ምርጥ ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። (ያልተጫወታችሁት ይቅር በሉኝ፤ መጨረሻውን ሳይናገሩ ስለዚህ ጨዋታ ቁም ነገር መናገር አይቻልም።) ሲግመንድ የተባለ ድርጅት ሊሞቱ ጥቂት ጊዜ ለቀራቸው ሰዎች የመጨረሻ ምኞታቸውን ይፈጽምላቸዋል። የሚፈጽመው ግን በገሃዱ ዓለም አይደለም። ሠራተኞቹ በሕመምተኛው አእምሮ ውስጥ ገብተው የሕይወት ትዝታውን ከልጅነቱ ጀምረው እንደ አዲስ ይጽፉታል፤ ሰውየውም ምኞቱ እንደ ተፈጸመለት እያስታወሰ ያርፋል። ዶክተር ኢቫ ሮዛሊንና ዶክተር ኒል ዋትስ በባሕር ዳርቻ፣ ከመርከቦች የመብራት ግንብ አጠገብ ወደሚኖር ጆኒ ወደሚባል ሽማግሌ ቤት ለዚሁ ሥራ ይመጣሉ። ሽማግሌው የሚመኘው ጨረቃ ላይ መውጣት ነው። ለምን እንደሚመኝ ሲጠየቅ ግን ራሱም አያውቀውም።

ከዚህ በኋላ ተጫዋቹ ከሽምግልናው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ትዝታ ውስጥ ለሰውየው ትርጉም የነበራቸውን ነገሮች እየፈለገ ይሰበስባል፤ በእነርሱም ኃይል ወደ ቀደመው ትዝታ የሚያሻግረውን በር ይከፍታል። እኛ መሐንዲሶች ይህን አካሄድ እናውቀዋለን። የተሰነጠቀ ግድግዳ አይተን ወደ መሠረቱ የምንወርድበት መንገድ ነው። የጆኒ ቤት የታችኛው ክፍል በወረቀት በታጠፉ ጥንቸሎች ተሞልቷል። ያጠፈቻቸው የሞተችው ሚስቱ ሪቨር ናት። ስሙ ባይጠራም ኦቲዝም መሆኑን የምንረዳው ሁኔታ ያለባት፣ የልቧን በቃል ለመግለጽ የምትቸገር ሴት ናት። ለዓመታት እያጠፈች «ይህ ምን ይመስልሃል?» ብላ ትጠይቀው ነበር፤ እሱ ግን ምን ማለቷ እንደ ሆነ ሳይገባው ኖሯል።

መልሱ የሚገኘው በልጅነቱ ነው፤ በሩ ግን ዝግ ነው። የሚዘጋውም በመድኃኒት ነው። ጆኒ ልጅ ሳለ መንትያ ወንድሙ ጆዊ ዐይኑ እያየ በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር። ያንን ድንጋጤ እንዲረሳ የተሰጠው ቤታ ብሎከር የተባለው መድኃኒት የአደጋውን ቀን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የነበረውን የልጅነት ዘመን በሙሉ ሸፈነው። ከተሸፈነው ውስጥ አንዲት ምሽት አለች። በዚያች ምሽት ጆኒና ሪቨር ገና ሕፃናት ሳሉ ኮረብታ ላይ ተቀምጠው፣ ከዋክብቱን የጥንቸል ጆሮና እግር፣ ጨረቃዋን ደግሞ ሆዷ አድርገው ሥለው፣ ከተጠፋፉ ጨረቃ ላይ ሊገናኙ ተቃጥረዋል። ሪቨር አስታውሳለች፤ እሱ ረስቷል። ለዓመታት ጥንቸል ስታጥፍ የኖረችው ትዝታውን ልትመልስለት ነው።

አሁን ዶክተሮቹ ምኞቱን ለመፈጸም ምን ያድርጉ? ጆኒ ከሪቨር ጋር እስካለ ድረስ ጨረቃን ለመፈለግ ምክንያት የለውም። ዶክተር ኢቫ ሪቨርን ከትዝታው ለማውጣት ትወስናለች፤ በምትኩም የሞተውን ጆዊን ሕያው ታደርግለታለች። ዶክተር ኒል ይቃወማታል። ተጫዋቹ በዚህ ሰዓት የሚሮጠው በኒል እግር ነው። ሊያስቆማት ይሞክራል፤ አይሆንለትም። ጆኒ በአዲሱ ትዝታው የጠፈር ተጓዥ ለመሆን ያድጋል፤ ናሳ ሲደርስም በአዳራሹ በር አንዲት ሴት ትገባለች፤ ሪቨር ናት። አብረው ወደ ጨረቃ ሲወጡ በእውነተኛው አልጋ ላይ የሽማግሌው የልብ ምት ይቆማል።

አንባቢ ይህን በመጽሐፍ ቢያገኘው ያዝን ይሆናል። በጨዋታው ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ኢቫን ልታስቆም የሮጥኸው አንተ ነህ። ሮጠህ ያልደረስኸውም አንተ ነህ። የተጫዋቹን እጅ ሥራ አስይዞ ውጤቱን ከእጁ ማውጣት በድርሰትም በፊልምም በቀላሉ የማይገኝ የአሠራር ብልኃት ነው፤ ይህን ጨዋታ ከተራ ማልቀሻ የለየውም እሱ ይመስለኛል።

እኔ ይህን ጨዋታ የተጫወትሁት ሰንበቴ ነው። ለማታውቋት፣ ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከሸዋ ሮቢት አልፎ አጣዬ ሳይደረስ የምትገኝ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያመለክተው ገበያዋ እሑድ ነው። በዚያ ቀን አፋሩ ከቆላው ግመልና ፍየል እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉን፣ ጨርቁንና ከብቱን ይዞ ይወጣል። አንድ ነጋዴ በአንድ ጧት በሦስት ቋንቋ ሲከራከር መስማት እዚያ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

ይህችው አካባቢ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች የደረሰውን ግጭት አይታለች። ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲህ ደርሶ ነበር። የማን በደል ከማን ይበልጣል የሚለውን ለመዳኘት እዚህ አልቆምሁም፤ ሙያዬም አይደለም። ለመናገር የፈለግሁት፣ በሰንበቴ ትዝታ ማለት በትካዜ የሚያንጎራጉሩት ዜማ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰው እሑድ ጧት ወደ ገበያ ሲወጣ ከማን እንደሚገዛ፣ ማንን ሰላም እንደሚል፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ የሚወስነው በትዝታው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ለሥራ እዚያ በቆየሁበት ወቅት ማታ ማታ አንድ ጌም ቤት ጎራ እል ነበር። እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ የእግር ኳስ ጌም የሚጫወቱበት ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ፕሌይስቴሽኑ ጨለመ። የእኔ ላፕቶፕ ግን ባትሪ ነበረው። «ምን አለህ?» አሉኝ፤ ይህንኑ ጨዋታ ከፈትሁ። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ በመሆኑ እኔ ወደ አማርኛ ስመልስ ከመካከላቸው አንዱ ለታናሽ ወንድሙ ወደ ኦሮምኛ ይመልስ ነበር። በዚህ ምክንያት አራት ሰዓት የሚፈጀው ጨዋታ ሦስት ምሽት ወሰደብን። መጓተቱን አልጠላሁትም፤ በእያንዳንዱ ትዝታ መካከል ሰው ለማሰብ ጊዜ ያገኝ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው በሁለተኛው ምሽት፣ የሲግመንድ ሥራ ምን እንደ ሆነ ሁሉም ሲገባቸው ነው። የቤተሰቡ ቤትና ሱቅ በ2013 የተቃጠለበት ልጅ፣ «እኔ ብሆን አሁኑኑ እፈርማለሁ» አለ። «ሌላውን አይንኩብኝ፤ ያቺን ቀን ብቻ ያውጡልኝ።»

ጓደኛው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ያቺ ቀን ከወጣች እናትህን በቤታቸው የደበቋቸው ጋሼም አብረው ይወጣሉ» አለው። «እሑድ ገበያ ላይ ስታገኛቸው ማን ብለህ ነው ሰላም የምትላቸው?» እናቱን የደበቁት ሰው ከእነሱ ወገን አልነበሩም። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር።

በበሩ ላይ ጀበና ጥደው ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ሲያዳምጡ ቆይተው ኖሮ፣ ቶናውን እየቀዱ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ሰውየው ሚስቱን ረስቶ ነው ደስ የሚለው? ታዲያ ደስ ያለው ማን ነው? እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው?» በፍልስፍና ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት የሚፈጀውን ጥያቄ እናታችን ስኒ ሳይሞላ ጨረሱት።

በሦስተኛው ምሽት ሪቨር በናሳ አዳራሽ በር ስትገባ ማንም አልተናገረም። ጨዋታው ሲያልቅ ላፕቶፑን የዘጋው «እፈርማለሁ» ያለው ልጅ ነው። አስተያየቱን አልጠየቅሁትም።

እስቲ ወደ ሙያችን እንመለስ። ብዙዎቻችን ትዝታን የምናስበው በድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ ጽሑፍ ነው፤ አንዴ ተጽፏል፣ በፈለግን ጊዜ ሄደን እናነበዋለን እንላለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደር፣ ግሌን ሼፍና ጆሴፍ ለዱ የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያደረጉት ጥናት ይህን ሐሳብ አናግቶታል። ድምፅ ሲሰሙ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚመጣ የተማሩ አይጦች ያንን ፍርሃት እንዲያስታውሱ ተደረገ፤ ወዲያው አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት በአንጎላቸው የፍርሃት ማእከል ውስጥ ሲጨመር ፍርሃቱ ተመልሶ ሳይጸና ቀረ። መድኃኒቱ ሳያስታውሱ ቢሰጣቸው ግን ፍርሃቱ በቦታው ነበር። እንግዲህ ትዝታ በተነሣ ቁጥር ይላላል፤ እንደገና ካልተጻፈም አይጸናም ማለት ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ባልደረቦቻችን በዚህ አይደነቁም። በኮምፒዩተሮቻችን ውስጥ ያለው ዋናው ሜሞሪ እያንዳንዱን ቁጥር የሚያኖረው በአንዲት ደቂቅ ካፓሲተር ውስጥ ነው። ሲነበብ ክሱ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ንባቡ እንዳበቃ ተመልሶ መጻፍ አለበት። ሳይነበብም ቢቀመጥ ክሱ እየሾለከ ስለሚሄድ በየ64 ሚሊሰከንዱ ያህል ይታደሳል። ትዝታችን ለዚህ ሜሞሪ ይቀርባል፤ ከአክሱም ሐውልት ይርቃል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አሌን ብሩኔ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን ቤታ ብሎከር አስቀድሞ አስውጦ፣ ሕመምተኛው የደረሰበትን ጽፎ እንዲያነብ በማድረግ የድንጋጤን ሕመም ለማቃለል የሞከረውም በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው፤ የሙከራው ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ልብ በሉ፤ እዚያ የሚፈለገው ስቃዩ እንዲበርድ እንጂ ሰውየው የሆነውን እንዲረሳ አይደለም። በጨዋታው ውስጥ በሕፃኑ ጆኒ ላይ የተደረገው ግን መርሳት ነው። ደራሲው ለድርሰቱ ሲል መድኃኒቱን ከእውነተኛው ኃይሉ በላይ አሳድጎታል፤ ይህን የምለው ከመካከላችን ለልብና ለደም ግፊት የሚወስደው ሰው እንዳይደነግጥ ነው።

በማቃለልና በመሰረዝ መካከል ያለው ልዩነት በሙያችን ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት ከሰንበቴ ብዙ ሳንርቅ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ካራቆሬ እንድረስ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ካራቆሬንም ጎድቷል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች አባ ፒየር ጉዋን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ክስተት ተመዝግቦ ይገኛል። የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ሲሰላም ከሚቆጠሩት ዐበይት ክስተቶች አንዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ የመሐንዲስ እጅ በመጀመሪያ የተዘረጋው ወደ እንዲህ ያሉ መዝገቦች ነው።

አንድ ቸር ሰው ተነሥቶ፣ «ሕዝቡ እንዳይጨነቅ የ1953ቱን ከመዝገብ እናውጣው» ቢል ምን እንመልስለታለን? የማጀቴ ሐዘን ለእኛ የጭነት መጠን ሆኗል። በብረቱ ውፍረት፣ በዓምዱ ስፋት ውስጥ አለ። እሱን የሰረዘ ሰው የሚቀጥለውን ቤት ያፈርሳል። እርግጥ መዝገቡ ዘወትር ከፊታችን ተዘርግቶ ሌላ ሥራ እንዳንሠራ አያግደንም፤ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ በተፈለገ ጊዜ ይወጣል። የብሩኔ ሕክምና የሚሞክረው ይህን ይመስለኛል።

ከዚህ የተነሣ ስለ ጨዋታው ያለኝ ፍርድ ሁለት መልክ አለው። ዶክተር ኢቫ በጆኒ ላይ ባደረገችው አልከሳትም። ጆኒ ነገ ገበያ አይወጣም፤ ማንንም ሰላም አይልም፤ ማንም በእሱ ትዝታ ላይ ቤት አይሠራም። የሚሞትን ሰው ማጽናናት በእኛም አገር የቆየ ወግ ነው፤ በአልጋው ዙሪያ ሁልጊዜ እውነቱ ብቻ እንደማይነገር ሁላችን እናውቃለን። ነገ ለሚነሣ ሰው ግን የሲግመንድን ማሽን አልሠራለትም። የጆኒ ሕይወት የተበላሸው ኢቫ ከመምጣቷ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በቀና ልብ በተሰጠችው በዚያች የልጅነት መድኃኒት ነው፤ ሚስቱን ለዓመታት ወረቀት ስታጥፍ ያኖራት እሱ ነው። ደራሲው ይህን በግልጽ አይናገርም፤ ታሪኩን ወደ ኋላ በማስኬዱ ግን ያሳየናል።

እንዲህ ያለ ጨዋታ በአገራችን ሊሠራ ይችላል ወይ? በአዲስ አበባ ቅኔ የተባለው ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን፣ እንዲሁም ገበጣን በስልክ አቅርቧል። ሁለቱም የሚያስደስቱ ናቸው፤ ታሪክ ግን አይተርኩም። በአህጉራችን በኩል ኬንያዊ ትውልድ ያለው የእንግሊዝ አገር ተዋናይ አቡበከር ሳሊም በአባቱ ሞት ሐዘን ተነሣሥቶ «ቴልስ ኦቭ ኬንዜራ፦ ዛው» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥቷል፤ በዚያም አንድ ወጣት አባቱን ሊያስመልስ ከሞት አምላክ ጋር ይዋዋላል። እሱ ግን የብዙ ባለሙያዎች ጉልበትና ትልቅ አሳታሚ ነበረው። ለእኛ የሚቀርበው የካን ጋው መንገድ ነው፤ ጥቂት ሰው፣ ቀላል መሣሪያ፣ ያረጀ ላፕቶፕ።

ፊደላችንም ሰበብ አይሆንም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ለጨዋታ ሠሪው እንደ ዐረብኛ ፊደል መቀጣጠል አያስቸግረውም። ኦሮምኛውና አፋርኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ከዚያም ይቀልላሉ። በሰንበቴ ገበያ የሚነገሩትን ሦስቱን ቋንቋዎች በአንድ ጨዋታ ውስጥ ማኖር ለአንድ ትጉ ተማሪ የክረምት ሥራ ነው።

የትረካውንም ሥርዓት ከውጭ መዋስ የለብንም። እንቆቅልሽ አለን። ጠያቂው እንቆቅልህ ሲል መላሹ ምን አውቅልህ ብሎ ይገባበታል፤ መልሱ ሲያቅተው ደግሞ አገር ስጠኝ ይባላል፤ የተሰጠው አገር ካላስደሰተውም ጠያቂው ሌላ ይጠይቃል። አድማጩ ዝም ብሎ የሚሰማበት ተረት አይደለም፤ ራሱ ካልገባበት አይሄድም፤ ሲሸነፍም የሚያጣው ነገር አለ። ካን ጋው ኒልን አስሩጦ በተጫዋቹ ላይ የሠራውን ነገር አያቶቻችን በእሳት ዳር ይሠሩት ነበር።

የሚያስቸግረው ቴክኒኩ አይደለም። የሰንበቴን ወይም የአጣዬን ትዝታ ለጨዋታ የሚያነሣ ሰው የሌላውን ሰው ቤት እየቆፈረ መሆኑን ማወቅ አለበት። እኛ አንድ ጉድጓድ ለአፈር ምርመራ ስንቆፍር ከባለ መሬቱ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ የቆፈርነውንም እንደፍናለን። እዚህም ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃም። የማን ቤት እንደ ተቃጠለ ተጫዋቹ በአዝራር የሚመርጥበት ጨዋታ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። እናቱን ስለ ደበቁት ሰው የሚሠራ ከሆነ ግን፣ በመጀመሪያ እሳቸው ይፈቅዱ እንደ ሆነ ሄዶ መጠየቅ ነው። እኔ ጠይቄያቸዋለሁ። «ስሜ ካልተጠራ ይሁን፤ ግን ልጁ ራሱ ይሥራው» አሉኝ። ልጁም አሁን ኮምቦልቻ የኮምፒዩተር ትምህርት ጀምሯል፤ መግቢያው የእሑድ ገበያ የሆነ አንድ ክፍል ሠርቶ ልኮልኛል። ሥዕሉ ገና ሻካራ ነው፤ ግመሎቹ ውሻ ይመስላሉ። የሽማግሌው ፊት ግን አልተሣለም፤ ተጫዋቹ ሊያያቸው ሲዞር እሳቸውም ይዞራሉ። ይህን ሆን ብሎ አድርጎት እንደ ሆነ ጠይቄው፣ አዎን ብሎኛል።

ሁለቱንም ጨዋታዎች በላፕቶፔ ይዤ መጥቻለሁ። የልጁ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ የካን ጋው አራት ሰዓት ይፈልጋል፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ከራት በኋላ ለመጫወት የሚቀርብ ባልደረባ ቢኖር የመብራት ገመድ ማራዘሚያ ይዞልኝ ይምጣ።